ሁለት አልጋ ይሁን

ቁሐር ሚካኤል ውስጥ ባል ሚስቱን የመታ እንደሆነ መጀመሪያ የሚጠራው አንዳርጌ ነበር። ሌሎች ሽማግሌዎችም አሉ፤ እነሱ ግን ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይተው፣ "አንችም አፍሽን ያዥ፣ አንተም እጅህን ሰብስብ" ብለው ያስታርቃሉ። አንዳርጌ እንዲህ ያለ እርቅ አያውቅም። ይገባል፣ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ሳይቀምስ ባልየውን ትክ ብሎ ያየዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ ሙናዬን ካገባሁ ልጆቼ ልጅ ወልደዋል። አንድ ቀን እጄን አንስቼባት አላውቅም። አንተ ምን ብትሆን ነው?" ይላል። ሰውየው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመርጣል።

ይህን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። አንዳርጌ በሬ ጠምዶ እንኳ ጅራፉን በአየር ላይ ያጮኸዋል እንጂ በሬዎቹ ቆዳ ላይ አያሳርፈውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ ትንሽ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። በክረምት ሩዝ፣ በበጋ ሽንኩርት ያመርታል። ከጉማራ ወንዝ ብዙም በማይርቀው ቤቱ ውስጥ የተጣሉ ሰዎች እንኳ ድምፃቸውን ቀንሰው ነው የሚያወሩት። አዲስ ያገቡ ሴቶች ሙናዬን ውሃ ስትቀዳ ሲያገኟት፣ "አንችስ ታድለሽ" ይሏታል። እሷም ፈገግ ብላ ጀሪካኗን ታነሳለች።

ከልጆቻቸው ሁለቱ ወረታና ባሕር ዳር ጎጆ ወጥተዋል። የመጨረሻዋ ጽጌሬዳ ግን ዓረብ አገር ሄዳ መጀመሪያ ሰው ቤት፣ ኋላ ሆቴል ሠራች፤ አሁን ደግሞ በመዝናኛ መርከብ ላይ ተቀጥራ ክፍል ታጸዳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። ጎረቤቶች ይህን ለመረዳት ተቸግረው ነበር። እነሱ የሚያውቁት መርከብ ጣና ላይ ሰውና እህል ጭኖ የሚመላለሰውን ነው። "መርከብ ላይ አልጋ ምን ይሠራል?" ብላ የጠየቀችው የቅርብ ጎረቤታቸው ይታይሽ ነበረች። ጽጌሬዳም በስልክ እየሳቀች ሰዎቹ መርከቡ ላይ የሚወጡት የሆነ ቦታ ለመድረስ ሳይሆን እዚያው ላይ ለመሰንበት እንደሆነ አስረዳቻት። ይታይሽ ግን አልተዋጠላትም።

ነገሩ የመጣው በኅዳር መጨረሻ፣ የአንዳርጌ ሩዝ በሚወቃበት ዕለት ነው። ጎረቤቱ በሙሉ ለደቦ ተሰብስቦ ነበር። ምሳ ተበልቶ ሰው በየጥላው አረፍ እንዳለ ጽጌሬዳ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ አንዳርጌ ጋ ሲደርስ ልጅቱ ትንፋሽ እስኪያጥራት ደስ ብሏታል።

"አባዬ፣ መሥሪያ ቤቴ ፈቀደልኝ! እርስዎና እማዬ ለአንድ ሳምንት መርከቡ ላይ በእንግድነት መምጣት ትችላላችሁ። ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጥ ዕድል ነው። ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ።"

ሰዉ እልል አለ። አንዳርጌም እንደ ሕፃን ሳቀ።

"አሁን ክፍል ልይዝላችሁ ነው" አለች ጽጌሬዳ። "መስኮት ያለውን እኔ እመርጥላችኋለሁ። እናንተ የምትነግሩኝ አልጋውን ነው። አንድ ሰፊ አልጋ ያለው ክፍል አለ። ሁለት ጠበብ ያሉ አልጋዎች ለየብቻ የተዘረጉበት አለ። አንዱ አልጋ ከታች ሆኖ ሌላው ከጣሪያ የሚወርድበት፣ በመሰላል የሚወጡበትም አለ።"

"ከጣሪያ?" አለች ይታይሽ አንገቷን አስግጋ። "እንደ ዶሮ ቆጥ?"

አውድማው በሳቅ ተናጋ። አንዳርጌ እንባውን እየጠረገ፣ "ልጄ፣ ይኸማ ምኑ ይጠየቃል? ለእኔና ለእናትሽ አንዱ ሰፊ ይበቃናል። ከጣሪያ የሚወርደውን ለወፍ ስጡት" አለ።

"ሁለት አልጋ ይሁን።"

የተናገረችው ሙናዬ ናት። ከአውድማው ጥግ ሩዝ እያበጠረች ነበር። ቀና አላለችም፤ ሰፌዱም ከእጇ አልቆመም።

ሳቁ እንደ ገመድ ተበጠሰ። አንዳርጌ ተሳስቶ የሰማ መሰለው። ጽጌሬዳም ከስልኩ ውስጥ፣ "እማዬ? ምን አልሽ?" አለች።

"ሰምተሽኛል። ሁለት ይሁን። ለየብቻ የተዘረጋውን ያዥልን።"

አንድ ሰው ለመቀለድ ሞከረ፤ የሳቀለት የለም። ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። አንዳርጌ ፊቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋበት ይመስል ድርቅ ብሎ ቀረ። ስልኩን ለማን እንደሰጠው፣ ልጁን ደህና ዋይ ይበላት አይበላት እስከ ዛሬ አያስታውስም። ከሰዓት በኋላ ሩዙ ተወቃ፣ ጭዱ ተከመረ፤ እሱ ግን ከሰዉ ጋር እየሠራ ከሰዉ ጋር አልነበረም። አገሩ በሙሉ ታድለሽ የሚላት ሚስቱ፣ በአገሩ ሁሉ ፊት፣ ካንተ ጋር አልተኛም አለችው።

እቤት ሲገቡ ጠየቃት። "ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህ።"

"ታዲያ ሰው ፊት እንዲህ ታደርጊኛለሽ?"

"ትንሽ ልተኛ ብዬ ነው" አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አንዳርጌ በሚቀጥሉት ቀናት ያላሰበው የለም። ታማ ይሆን? ሰው ነገር አስገብቶባት ይሆን? በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ልቡ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ሙናዬ ልትመነኩስ ነው። በእሷ ዕድሜ ቆብ የጫኑ፣ አልጋ ከባላቸው የለዩ ሴቶች በአካባቢው አሉ። ይህማ ክብር ነው፤ ግን ለእሱ ሳትነግረው? ይህ ሐሳብ ሲከብደው የሁለቱም የነፍስ አባት ወደሆኑት ወደ አባ ባምላክ ሄደ።

"አባ፣ ሙናዬ አልጋ ልትለይ ነው።"

"ተጣላችሁ?"

"አልተጣላንም። ልትመነኩስ ነው መሰለኝ። ለእርስዎ የነገረችዎ አለ?"

አባ ባምላክ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምንኩስናማ አስባ ቢሆን መጀመሪያ ወደ እኔ ትመጣ ነበር። አላሰበችም። ሂድና እሷኑ ጠይቃት። ደግሞ ስትጠይቃት እንደ ሽማግሌ አትሁንባት። ዝም ብለህ ስማ።"

በማግስቱ ጠዋት ሽንኩርት ማሳው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ውሃ ከጉማራ የሚስበው ሞተር ገና አልተነሳም። ሙናዬ ጎንበስ ብላ ትኮተኩታለች፣ እሱ ቦይ ያበጃል። አንዳርጌ አካፋውን ጣለና፣

"ሙናዬ፣ ጠላሽኝ እንዴ?" አላት።

ቀና አለች። አየችው።

"አልጠላሁህም። ብነግርህ አትችለውም ብዬ ነው።"

"ንገሪኝ። እችለዋለሁ።"

"በእንቅልፍህ ትመታኛለህ።"

መጀመሪያ ሳቀ። "ማ? እኔ?" ሳቁ አጠገቡ የሚስቅለት ሲያጣ ብቻውን ቀረና አለቀ።

ሙናዬ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ትንሿ ጣቷ ከመሃል ጎበጥ ብላ ነው የገጠመችው፤ ከዚያ ወዲህ አትታጠፍም።

"ይችን ታውቃታለህ?"

"ሙቀጫ ወድቆብሽ ነው።"

"ሙቀጫ አልወደቀብኝም።" እጇን ወደ ፊቷ ወሰደች፤ ከግራ ዓይኗ ሥር ያለውን ጠባሳ ነካች። "ይኸስ?"

 አንዳርጌ ያን ቁስል በደንብ ያስታውሰዋል። ቅቤ የቀባው እሱ ነው። ዳማዋ ላም በቀንዷ ወጋችኝ ብላው ነበር። ፎገራ ውስጥ ስሟ የተጠራ፣ ወተቷ ሁለት ማለቢያ የሚሞላ፣ ሕፃን ቢነካት የማትነቃነቅ ገራም ላም ነበረች። አንዳርጌ በሚስቱ ፊት ላይ ደም ሲያይ ተናዶ በሚቀጥለው ገበያ ወረታ ወስዶ ሸጣት። ልጆቹ ያን ሰሞን ወተት እያሉ ሲያለቅሱ እንኳ አልጸጸተውም፤ ሚስቴን የወጋች ከብት ደጄ አትቆምም ብሎ ነበር።

"ላሟ?" አለ በመጨረሻ።

"ላሟ ምንም አላደረገች።"

 በረጠበው ቦይ ላይ እንደቆመ ቁጭ አለ። ርጥበቱ ሱሪውን ዘልቆ ሲገባ አልተሰማውም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጎርፉ ወዲህ።"

ስለ ጎርፉ ቤታቸው ውስጥ አይወራም። ጽጌሬዳ ገና ጥርስ በምትለውጥበት ክረምት ጉማራ ሞልቶ ከዳርቻው ወጣ፣ ሜዳው ሁሉ ባሕር ሆነ። አንዳርጌና ታናሽ ወንድሙ በላይነህ ከብቶቹን ወደ ከፍታው ሊያወጡ ገብተው ውሃው ወሰዳቸው። አንዳርጌ በአንድ እጁ የዋርካ ቅርንጫፍ፣ በሌላው የበላይነህን እጅ ይዞ ቆየ። ምን ያህል እንደቆየ የሚያውቅ የለም። ሰዎች በታንኳ ሲደርሱለት አንዱ እጁ ባዶ ነበር። በላይነህ ውሃው ከጎደለ በኋላ ወደ ጣና በሚወስደው ረግረግ ላይ ተገኘ። አንዳርጌ ቀበረው፤ አርባውን አወጣ፤ ሙት ዓመቱን አወጣ፤ ስሙን ግን ሁለተኛ አላነሳም። ሰዉም ጠንካራ ሰው ነው አለ።

"ትጮሃለህ" አለች ሙናዬ። አሁን ከፊቱ ቁጢጥ ብላለች። "'እጅህን! እጅህን ስጠኝ!' ትላለህ። ከዚያ ትታገላለህ። ትመታለህ፣ ትራገጣለህ። አንዳንዴ እኔ በላይነህ እሆናለሁ፤ ያኔ ክንዴ እስኪደነዝዝ ጨብጠህ አትለቀኝም። አንዳንዴ ደግሞ ውሃው እኔ ነኝ።"

"ምነው አልቀሰቀስሽኝ?"

"መጀመሪያ ሰሞን ቀስቅሼህ ነበር። ነቅተህ እንደ ልጅ አለቀስህ። ሲነጋ ግን አንዱንም አታስታውሰውም። ሐዘንህ ላይ ሌላ ልጨምርብህ? ዝም አልሁ። ኋላ ደግሞ ስምህ ወጣ። በየሰው ቤት እየገባህ 'እጄን አንስቼባት አላውቅም' ስትል እውነቱን ነው እላለሁ በሆዴ። አውቀህ አንስተህብኝ አታውቅም። የምትመታው እኔን አይደለም፤ ውሃውን ነው። ግን ደከመኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ እግሬን አውርጄ ነው የማድር፤ ሲብስብህ መደቡ ላይ እወርዳለሁ፣ ሳትነቃ እመለሳለሁ። አንድ ሳምንት እንኳ ተዘርግቼ ልተኛ ብዬ ነው፣ ሌላ አይደለም።"

አንዳርጌ እጆቹን አዞረና አያቸው። መዳፉን፣ ጀርባውን። የሌላ ሰው እጅ ከክንዱ ጫፍ የተንጠለጠለ መሰለው። ከዚያ ተነስቶ ሄደ። በማሳዎች መካከል አስፋልቱ ድረስ ወጣ። የሐሙሲት መኪና ቆሞ ረዳቱ "ወረታ ነዎት አባት?" ሲለው የት እንደሚሄድ አያውቅምና ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ጥሎት ነጎደ። እሱ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያስታረቃቸውን ቤቶች አንድ በአንድ አሰበ። አንገታቸውን ያስደፋቸውን ባሎች አሰበ። ሚስቶቹ ሙናዬን ባገኙ ቁጥር እንዴት በቅናት ያዩዋት እንደነበር አሰበ። ሙናዬ ያን ጊዜ ነጠላዋን ለምን እስከ ዓይኗ ድረስ ትከናነብ እንደነበር አሁን ገባው።

እዚያው ሆኖ ጽጌሬዳ ጋ ደወለ።

"አንችም ታውቂ ነበር?"

ልጅቱ ወዲያው ገባት። "አዎ፣ አባዬ" አለች።

"ሁላችሁም?"

"እኔ ነኝ ከእናንተ ጋር ብዙ የኖርሁት። ትንሽ ልጅ ሆኜ መደቡ ላይ መጥታ አጠገቤ ስትተኛ ደስ ይለኝ ነበር፤ ልታቅፈኝ የመጣች መስሎኝ። ኋላ ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ባለበት አልጋ ምረጡ ያልሽው ለምንድን ነው?"

ጽጌሬዳ ማልቀስ ጀመረች። "ሰው መኖሩን በደስታ ረሳሁት፣ በእግዚአብሔር። እርስዎ እንዲሰሙ ግን ፈልጌ ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው አልጋ አነጥፋለሁ። ባልና ሚስት ሆነው በሰላም ለየብቻ የሚተኙ ስንት ሰዎች አይቻለሁ። አንሶላ በዘረጋሁ ቁጥር እማዬ ትዝ ትለኛለች። 'ንገሪው' ብላት፣ 'ስሙን አላጠፋበትም' ትለኛለች።"

አንዳርጌ ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭድ ቤት ተኛ። የሚያስታርቅ ሽማግሌ ፈልገው የመጡትን "አሞኛል" እያለ መለሰ። ምግብ ሲቀርብለት እጁን እያየ ይቆያል። ሙናዬ አንድ ሁለት ጊዜ "ይብቃህ፣ ግባ" ብትለው ከደጁ አላልፍ አለ። ጣራ ገዳም ወጥቶ ሰንብቶ ጠበል ተጠመቀ፤ ጠበሉ ራሱ ላይ ሲወርድ እንኳ ውሃ ነውና ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሲመለስ አባ ባምላክ ራሳቸው ይዘውት ወረታ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ወጣቷ ሐኪም ሰምታው ስታበቃ ምንም አልገረማትም። ሕልሙን የሚኖር ሰው አለ፣ አካሉ ከሕልሙ ጋር አብሮ የሚነሣ፤ በሽታ ነው፤ የሚያስታግስ መድኃኒትም አለው አለችው። "እስኪሻልዎ ግን አልጋ ይለዩ። ምነው እስካሁን ቆዩ?" ብላ ጠየቀችው። ይህን ሁሉ ዘመን የተሸከሙት ነገር በአንድ ጥያቄ የሚፈታ መሆኑ አንዳርጌን ከበሽታው በላይ አስደነገጠው።

ጉዞውን ግን እንቢ አለ። "ባሕር ላይ? እኔ? ታንኳ እንኳ ረግጬ አላውቅም ከዚያ ወዲህ።"

ሙናዬ የጉዞ ልብሷን እያጠበች ነበር። "እኔ እሄዳለሁ" አለች። "ከወደድህ ና።"

ይህ ሁለተኛው ድንጋጤ ነው። ወረታ ገበያ እንኳ ያለ እሱ የማትወርድ ሴት ባሕር ልትሻገር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሐሳቧን ትለውጣለች ብሎ ጠበቃት፤ አልለወጠችም። ፓስፖርት ሊያወጡ ባሕር ዳር የሄዱ ዕለት እሷ ፊት ፊት እየሄደች እሱ ተከተላት።

በአውሮፕላን ዱባይ ደርሰው ወደቡ ላይ መርከቡን ሲያዩ ሁለቱም ቆሙ። አንዳርጌ ሕንፃ መስሎት መርከቡ ከኋላው ይሆናል ብሎ አንገቱን አዙሮ ፈለገ። ሙናዬ ናት እጁን ይዛ "ይኸ ነው" ያለችው፤ መስኮቶቹን ከታች ወደ ላይ እየቆጠረች ሄዳ አንገቷ ሲደክማት ተወችው። ጽጌሬዳ ሥራ ላይ ስለነበረች በሩ ላይ ተጠምጥማባቸው፣ አልቅሳ፣ ወዲያው ወደ ፎቋ ተመለሰች። ወደ ክፍላቸው ያደረሰቻቸው የሥራ ጓደኛዋ ናት፤ ከፊሊፒንስ የመጣች ፈገግታ የማይለያት ሴት።

ሴትዮዋ በሩን ከፈተች። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። በመካከሉ አንድ ትልቅ አልጋ፣ በነጭ አንሶላ ተወጥሮ፣ ከፎጣ የተሠራ ወፍ ላዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል።

አንዳርጌ ከደፉ ላይ ቀረ። ፊቱ ጠቆረ።

"አንድ ነው" አለ። "ሙናዬ፣ አንድ ነው። እኔ አልገባም።"

ሙናዬ በምልክት ልታስረዳ ሞከረች፤ ሁለት ጣቷን ቀስራ፣ ከዚያ ለያይታ አሳየች። ሴትዮዋ ባልና ሚስት መሆናቸውን ለማስታወስ ሁለት ጣቶቿን አጋጥማ እየሳቀች መለሰችላት። አንዳርጌ ከውጭ ሆኖ ይህን ሲያይ አልቻለም። ገባና የአልጋውን ጠርዝ ያዘ፤ መሬት ላይ ልተኛ ፍራሹን ልሳብ ብሎ ነው። በሙሉ ኃይሉ ሲጎትት አልጋው ከመካከሉ ተሰንጥቆ ግማሹ እጁ ላይ መጣ።

ሰበርሁት ብሎ ክው አለ።  ሴትዮዋ ግን እየሳቀች አንሶላውን ገለጠች። ሁለት አልጋ ነበር። ከመጀመሪያውም ሁለት ጠባብ አልጋ ነው፤ ገጥመው፣ በአንድ ሰፊ አንሶላ ሸፍነው ነው አንድ ያስመሰሉት። አሁን እየገፋች አንዱን ወደ መስኮቱ፣ ሌላውን ወደ ግድግዳው አስጠጋች፤ ለየብቻ አነጠፈቻቸው። አንዳርጌ ባለበት ቆሞ ሁለቱን አልጋዎችና በመካከላቸው የተከፈተውን መተላለፊያ ፈዝዞ አየ። "እንዲህ ነበር የሚቀለው?" አለ ለማንም ሳይሆን።

ሙናዬ የመስኮቱን ያዘች። ነጠላዋን እንደለበሰች ለሙከራ ጋደም አለች። ገና መርከቡ ወደቡን ሳይለቅ፣ ፀሐይ በመስኮቱ እየገባች፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

አንዳርጌ ከራሱ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ አያት። መጀመሪያ ጉልበቶቿን ሰብስባ፣ ክንዷን በፊቷ ላይ ጋርዳ ነበር የተኛችው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትተኛ ይመስለው ነበር። ቆይቶ ክንዷ ወረደ። ከዚያ እግሮቿ ተዘረጉ። ከዚያ ሁለት እጆቿን ወዲያና ወዲህ ጥላ፣ አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ አልጋውን ሞልታ ተኛች። አንዳርጌ ሚስቱን እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም። ከጎኑ እያደረች ያረጀች ሴት ስትተኛ ምን እንደምትመስል አያውቅም ነበር። የጋቢውን ጫፍ ነክሶ አለቀሰ፤ እንዳትነቃ።

ጽጌሬዳ ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ አባቷ በሩን በእጁ ደግፎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ተቀበላት። ሁለቱ ወደ ውጭ ወጥተው ከብረቱ አጥር አጠገብ ቆሙ። መርከቡ ባሕሩ መካከል ደርሷል። አንዳርጌ አጥሩን የሙጥኝ ብሎ ያዘ፤ ግን ውሃውን አየው። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "በላይነህ ስንቀልድ እኔን 'ረጅሙ' ነበር የሚለኝ" አለ። ጽጌሬዳ ስለ አጎቷ ከአባቷ አፍ አንድ ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። እሱም ጥቂት ተጨማሪ ነገር ነገራት፤ ሁሉን አይደለም።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ሲነቃ የቀኝ እጁ አንጓዎች አብጠው፣ አንዱ ተልጦ ደም ቋጥሮ አገኘ።

"ምን ሆኜ ነው?"

"ግድግዳውን መታኸው" አለች ሙናዬ ከወዲያኛው አልጋ። "ደግሞ በኃይል ነው። ከዚህ ሆኜ ስሰማህ ነበር፤ መልሼ ተኛሁ።"

አንዳርጌ እጁን አንስቶ በብርሃኑ አገላብጦ አየው። ይሄን ሁሉ ዘመን ከሌላ ሰው አካል ላይ ያረፈው ምልክት ዛሬ እሱ ላይ ነው። ያማል። ቁርስ ላይ ሹካ መያዝ እስኪያቅተው ያማል። ሙናዬ ቅባት ልትቀባው ስትል እጁን ሰጥቷት፣ እሷ እያሸችው፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባት ፊቱ ሲፈካ አየች።

ከተመለሱ በኋላ ወረታ ላለ አናጺ ሁለተኛ አልጋ አዘዘ። አልጋው በጋሪ ተጭኖ ሲገባ መንደሩ ሁሉ አየ። ሐሜቱ ተነሣ፤ ጥንዶቹ ፈረንጅ አገር ደርሰው ተበላሹ የሚል ነበር። አንዳርጌ ሐሜቱ እስኪሰፋ አልጠበቀም። በሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር በተቀመጡበት ተነሥቶ ሁሉንም ተናገረ። ጣቷን፣ ዓይኗን፣ ላሟን። የበላይነህንም ስም ጠርቶ ተናገረ።

ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ መቋሚያውን ጥሎ አፉን ይዟል። መጨረሻ ላይ የተናገረው ሰውመሆን ነው፤ ከዓመታት በፊት ሚስቱን መትቶ አንዳርጌ ፊት የቀረበና በዚያ አንገቱን ደፍቶ የቀረ ሰው።

"ታዲያ አንተ በእንቅልፌ ነው ብለህ ልታመልጥ ነው?" አለው። "እኔን ግን አገር ለአገር አዋርደኸኛል።"

"አላመልጥም" አለ አንዳርጌ። "አንተ ነቅተህ ነው የመታሃት፤ ያን ያልሁህን አልመልሰውም። እኔ ግን ከዛሬ ወዲያ ይህን ወንበር አልቀመጥበትም። የራሴን ቤት ሳላውቅ ነው የሰው ቤት ስገባ የኖርሁት።"

ሽማግሌዎቹ ለመኑት፤ አባ ባምላክም መከሩት፤ አልተመለሰም። ሰውመሆንም አልታረቀውም፤ ሲተላለፉ አሁንም ሰላምታቸው የቀዘቀዘ ነው። አንድ ነገር ግን ተለወጠ። የተጣላ ቤት ሲኖር ሰዎች አሁን የሚልኩት ሙናዬን ነው። እሷ ገብታ ከባልየው ጋር አታወራም። ሚስቲቱን ወደ ጓሮ ወስዳ፣ "የት ነው የምትተኝ? ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?" ብላ ትጠይቃለች። ሴቶቹ መጀመሪያ ይገረማሉ፤ ከዚያ ማውራት ይጀምራሉ።

መድኃኒቱ አንዳርጌን ጠቅሞታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልዳነም። አንዳንድ ጠዋት እጁን ጠቅልሎ ይወጣል። የእሱ አልጋ ከግድግዳው፣ የሙናዬ ከመስኮቱ በኩል ነው። እሷ እንደ ድሮው ጎህ ሲቀድ መነሣት ትታለች። በቁሐር ሚካኤል ፀሐይ ወጥታ የምትተኛ ባለትዳር ሴት ተሰምታ አትታወቅምና ይታይሽ መጀመሪያ ቀን ሰሐን ልትዋስ መጥታ በሩ ገርበብ ብሎ ስታገኘው፣ "ሙናዬ አመማት እንዴ?" ብላ ደንግጣ ጮኸች።

አንዳርጌ ከደጁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሽንኩርት ዘር እየለቀመ ነበር።

"ቀስ በይ" አላት። "ተኝታለች። ረፈድ ሲል ተመለሽ።"